ከቧንቧው እስከ ኩባያው

(በሬዲዮ ከተሰጡት ንግግሮች)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ መጠጥ ውኃ ነው። ስለ ውኃ ብዙ ጊዜ ተነግሯችኋልና ገና ርዕሱን እንደ ሰማችሁ «ይህንንስ እናውቀዋለን» ብላችሁ ሬዲዮናችሁን ልትዘጉት፣ ጋዜጣውንም ወደ ሌላው ገጽ ልትገልጡት ትችሉ ይሆናል። ጥቂት ብቻ ታገሡኝ። እኔም እንደ እናንተ በመንግሥት ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝና፣ የምናውቀው ሁሉ የምናደርገው እንዳልሆነ ከራሴ ቤት ጀምሬ ተመልክቻለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ በሥራ ዝውውር ከመሐል አገር ወደ ጅግጅጋ ሄደ። ወዳጄ በትምህርቱ የበሰለ፣ በሥራውም ጠንቃቃ የሆነ ሰው ነው። የተከራየው ቤት ግቢው የታጠረ፣ ቧንቧ የገባለት፣ በጣራውም ላይ ትልቅ ሮቶ የተቀመጠለት ስለ ነበረ፣ «በበረሃ አገር እንዲህ ያለ ቤት ማግኘቴ ዕድሌ ነው» እያለ በስልክ ይነግረን ነበር። (ጅግጅጋስ በረሃ አይደለችም፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች፣ ማታ ማታ ጋቢ የምታስደርብ ከተማ ናት። ነገር ግን በመሐል አገር ያደገ ሰው ከሐረር ወዲያ ያለውን ሁሉ በረሃ ይለዋል።)

በሦስተኛው ሳምንት የአሥራ አራት ወር ልጁን ተቅማጥ ያዘው። በመጀመሪያው ቀን «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ተባለ። በሁለተኛው ቀን «የአየር ለውጥ ነው» ተባለ፤ አያቱም ካሉበት ሆነው በስልክ «ግግ ሳይሆን አይቀርም፤ የሚያወጣ ሰው ፈልጉ» ብለው አዘዙ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግግ የሚያወጣ ሰው ሳይገኝ ሦስተኛው ቀን ደረሰ። በዚያን ዕለት ማለዳ የሕፃኑ ዓይን ጎድጉዶ፣ እርግብግቢቱ ሰርጉዶ፣ ሲያለቅስም እንባ የማይወጣው ሆኖ ተገኘ። አቅፈውት ወደ ሐኪም ቤት ሮጡ፤ በብዙ ድካም ዳነ።

ሕፃኑ ነፍስ ከዘራ በኋላ አንዲት ነርስ፣ የአገሩ ተወላጅ የሆነች ወጣት፣ ወዳጄን «ልጁ የሚጠጣው ውኃ ከየት ነው?» ብላ ጠየቀችው። «ከቧንቧ ነው» አለ፤ በመጠኑም ኮራ ብሎ። እርሷም «እንግዲያውስ ከቧንቧው እስከ ልጁ አፍ ድረስ ያለውን መንገድ ይንገሩኝ» አለችው። ወዳጄ ዝም አለ። በመሥሪያ ቤቱ አንድ ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት ተነሥቶ በስንት ሰው እጅ አልፎ የት እንደሚደርስ አጣርቶ የሚያውቅ ሰው፣ ልጁ የሚጠጣው ውኃ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ጨርሶ አያውቅም ነበር።

እስቲ እናንተም ንባባችሁን ለጥቂት ጊዜ አቁማችሁ ይህንኑ ጥያቄ ለራሳችሁ ጠይቁ። ዛሬ ጠዋት በቤታችሁ የተጠጣው ውኃ መቼ ተቀዳ? በምን ዕቃ አደረ? ማን ቀዳው? የቀዳውስ ሰው እጁን መቼ ታጠበ?

ወዳጄ ከሐኪም ቤት ተመልሶ መንገዱን በተከተለ ጊዜ ያገኘው እንዲህ ያለ ነበር። ቧንቧው የሚመጣው በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ሲመጣ ሮቶው ይሞላል፤ ሮቶው ግን ከተተከለ ጀምሮ ታጥቦ አያውቅም፤ ክዳኑንም ነፋስ ከወሰደው ቆይቷል። ውኃው ሲጠፋ ሠራተኛዋ በአህያ ጋሪ እየዞረ ከሚሸጥ ሰው በጀሪካን ትገዛለች፤ ባለጋሪው ከየት እንደ ቀዳው የጠየቀው የለም። የተገዛው ውኃ በማድ ቤት ወዳለው አፈ ሰፊ በርሜል ይገለበጣል። ከበርሜሉ በጣሳ ይጨለፋል፤ ጣሳው መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ሲጨለፍም ጣት ውኃው ውስጥ ይነከራል። ያች ጣት ጥቂት ቀደም ብላ የሕፃኑን የሽንት ጨርቅ ያጠበች ልትሆን ትችላለች። ከጣሳው ወደ ጡጦው፣ ከጡጦውም ወደ ልጁ አፍ። በዚህ ሁሉ ጉዞ የውኃው መልክ አልተለወጠም፤ እንደ መስተዋት የጠራ ነበር።

የሚያታልለንም ይኸው ጥራቱ ነው። ተቅማጥ የሚያመጡት ረቂቃን ነፍሳት በዓይን አይታዩም፤ ብዙ ሺህ የሚሆኑት በአንድ ብርጭቆ ውኃ ቢገቡ ውኃው አይደፈርስም፣ ጣዕሙም አይለወጥም። በውኃ መሥሪያ ቤት ወይም በቦቴ ላይ የሚጨመረው ክሎሪን ደግሞ ለዘለዓለም የሚዘልቅ ጠባቂ አይደለም። ቆሻሻ ባገኘ ቁጥር እየተዋጋ ያልቃል፤ ክፍት በሆነ ዕቃም ሲያድር ይተንናል። ስለዚህ ውኃ ከምንጩ ንጹሕ ሆኖ ቢነሣ እንኳ፣ ከዕቃ ወደ ዕቃ በተገለበጠ ቁጥር ያለ ጠባቂ እየቀረ ይሄዳል።

በዚህ ረገድ በማላዊ አገር የተደረገ አንድ ምርመራ አለ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ከሞዛምቢክ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች በሰፈሩበት ቦታ ለአንዳንዱ ቤት እንደ ተለመደው አፈ ሰፊ ባልዲ፣ ለሌላው ቤት ደግሞ እጅ የማያስገባ ክዳንና ማፍሰሻ አፍ የተገጠመለት ባልዲ ተሰጠ። የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው። በተራው ባልዲ የተያዘው ውኃ ከተቀዳ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሲበከል፣ ክዳን ባለው ባልዲ በሚጠቀሙት ቤቶች ከአምስት ዓመት በታች ያሉት ሕፃናት ተቅማጥ ከመቶ 31 ያህል ቀንሶ ተገኘ። ሌላ መድኃኒት አልተሰጣቸውም፤ የተለወጠው ባልዲው ብቻ ነበር። እኔ ይህን ካነበብሁ ጀምሮ በርሜልና ጣሳ ባየሁ ቁጥር እሰቀቃለሁ።

አሁን ወደ ጅግጅጋና ወደ አካባቢዋ እንመለስ። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጅግጅጋን መንገዶች በቀጥታ መስመር ቀይሰው ከተማዋን ካሳመሯት አንድ መቶ ዓመት አልፏል። መንገዱ ቀጥ ቢልም ውኃው ግን ሁልጊዜ ጠመዝማዛ ጉዞ ነበረው። ከካራማራ ተራራ ወዲህ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ የተዘረጋው ሜዳ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለውም። ሰው የሚጠጣው ወይ ከጥልቅ ጉድጓድ ነው፣ ወይም ቢርካ ከሚባለው፣ ዝናብ ከሚጠራቀምበት በስሚንቶ ከተለሰነ ጉድጓድ ነው። በቀብሪበያህ፣ በሐርሺን፣ በአውበሬ፣ በቶጎ ውጫሌ ያደረ ሰው ቢርካን ያውቃል። ዝናቡ ሲዘንብ ጎርፉ ያገኘውን ሁሉ ጠርጎ ወደ ቢርካው ያስገባል፤ የከብቱን ፋንድያና የሰውንም ዓይነ ምድር ጭምር። ጂላል የሚባለው የደረቅ ወራት ሲከፋ ደግሞ ብዙ ሺህ ሰውና ከብት ገና ባልደረቁት ጥቂት ጉድጓዶች ላይ ይሰበሰባል። እንግዲህ ድርቅም ዝናብም ተቅማጥን የሚያመጡት በየፊናቸው በዚህ መንገድ ነው።

የቦቴም ታሪክ በዚያ አገር ረጅም ነው። ከሰሜን ሶማሊያ ጦርነት ለሸሹት በ1980 ዓ.ም. የተከፈተው የሐርትሼክ መጠለያ በአንድ ወቅት በዓለም ትልቁ የስደተኞች ሰፈር ይባል ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ የዚያ ሁሉ ሕዝብ ውኃ በመኪና ይመላለስ ነበር። ለቀብሪበያህም ከጀረር ሸለቆ ጉድጓዶች ቧንቧ እስኪዘረጋ ድረስ ነገሩ ያው ነበር። ቦቴ ትልቅ በረከት ነው፤ ነገር ግን ከቦቴ ወደ ጋን፣ ከጋን ወደ ጀሪካን፣ ከጀሪካን ወደ ቤት ዕቃ ሲገለበጥ እያንዳንዱ መገልበጥ አንድ የአደጋ በር ነው።

በ2009 ዓ.ም. የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ከድርቁ ጋር አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ በአጭሩ አተት የተባለው በሽታ፣ በሶማሊ ክልል ተነሣ። በዚያው በ2017 (እ.ኤ.አ.) በአገራችን በጠቅላላው ከአርባ ሺህ በላይ ሰው ታሞ ተመዘገበ፤ እጅግ የሚበዛውም ድርሻ የዚሁ ክልል ነበር። ብዙ መቶ ሰው ሞተ። ያን ጊዜ የመድኃኒት እንክብሉ በየሠፈሩ ታደለ፤ ሁሉም ሰው ውኃውን ያክም ነበር። ወረርሽኙ ሲያልፍ ግን እንክብሉም ተረሳ። ተራው የሕፃናት ተቅማጥ ግን አዋጅ ሳይነገርለት በየቀኑ በየቤቱ መግባቱን አላቋረጠም። በዓለም ላይ ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት መካከል በየዓመቱ ከ400 ሺህ በላይ የሚገድለው ይኸው ያልታወጀው ተቅማጥ ነው። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ደግሞ ከአሥር ቤቶች ዘጠኝ ያህሉ የሚጠጡትን ውኃ ምንም ሳያክሙ እንደሚጠጡት አሳይቷል።

እንግዲህ በቤት ውስጥ ውኃን ስለ ማከም ልናገር። መንገዱ ብዙ ነው፤ እኔ ግን በጅግጅጋና በአካባቢዋ ላለ ደመወዝተኛ ቤት የሚስማማውን አስቀድማለሁ።

ከሁሉ በፊት ዕቃው ነው። እጅ የማይገባበት ጠባብ አፍ ያለው፣ ክዳኑ የሚገጥም ጀሪካን ለመጠጥ ብቻ ተለይቶ ይቀመጥ። ቤንዚን ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ግን ሺህ ጊዜ ቢታጠብ ለመጠጥ አይሆንም። ውስጡ አረንጓዴ ሲለብስ አንድ እፍኝ ንጹሕ ጠጠርና የሳሙና ውኃ ጨምሮ ደኅና አድርጎ መናጥና ማለቅለቅ ነው። ከጀሪካኑ ውኃው ይንቆረቆራል እንጂ በምንም ነገር አይጨለፍም። ባለ ቧንቧ ባልዲ መግዛት የቻለ ይበልጥ ይመቸዋል።

ቀጥሎ ክሎሪን ነው። በአገራችን «ውኃ አጋር» በሚል ስም ለብዙ ዓመታት የታወቀው ፈሳሽ አለ፤ አኳታብ የሚባለውም እንክብል አለ። እንክብሉ ልዩ ልዩ መጠን ስላለው በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። 67 ሚሊግራም የሚለው ለአንድ የተለመደ ጀሪካን፣ ማለት ለ20 ሊትር የጠራ ውኃ ሲሆን፣ 33 ሚሊግራም የሚለው ለ10 ሊትር ነው። ከተጨመረ በኋላ ጀሪካኑን ከድኖ ነቅነቅ አድርጎ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። ያች ግማሽ ሰዓት አትታለፍ! መድኃኒቱን ጨምሮ ወዲያው የሚጠጣ ሰው መድኃኒቱ ሥራውን ሳይጀምር ነው የጠጣው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታ ከሸተተ ሥራው ተፈጽሟል ማለት ነው። ለልብስ ማጠቢያ የሚሸጠውን በረኪና ግን በግምት አትጨምሩ፤ ኃይሉ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ ሽቶም የተጨመረበት አለ።

ውኃው የቢርካ ከሆነና ከደፈረሰ ነገሩ ሌላ ነው። ክሎሪኑ ከጭቃው ጋር ሲታገል ያልቅና ለጀርሙ የሚተርፍ ኃይል አይኖረውም። ስለዚህ አስቀድሞ ማዝቀጥ፣ ቀጥሎም አጠፍ አጠፍ በተደረገ ንጹሕ ጨርቅ ማጥለል ያሻል። በባንግላዴሽ ሴቶች ያረጀ ሳሪያቸውን ብዙ ጊዜ አጥፈው ውኃ ቢያጠሉበት የኮሌራ በሽታ በግማሽ ያህል እንደ ቀነሰ በ2003 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት አስታውቋል፤ ጨርቅ ብቻውን ይህን ያህል ከሠራ፣ ከክሎሪን ጋር እንዴት አይሠራ! በአገራችን የሚሠራው «ቢሻን ጋሪ» የተባለው ዱቄት ደግሞ ሁለቱን ባንድነት ይፈጽማል፤ ጭቃውን አጓጉሎ ወደ ታች ያወርደዋል፣ ጀርሙንም ይገድላል። ስሙ በኦሮምኛ ጥሩ ውኃ ማለት ነው።

ማፍላት የታወቀና የታመነ ነው። አንዳንድ የተማረ ሰው «በከፍታ ቦታ ውኃ ከመቶ ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ጀርሙ አይሞትም» ሲል ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ በጅግጅጋ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ነገር ግን እነዚህ ጀርሞች ከዚያ በብዙ ባነሰ ሙቀት ስለሚያልቁ ክርክሩ ከንቱ ነው። ተንተክትኮ ከፈላ በቂ ነው። የማፍላት ችግሩ ሌላ ነው። ከሰል ውድ ነው፣ እንጨቱም እያለቀ ነው፤ የፈላውም ውኃ ጠባቂ ስለሌለው በዚያው በርሜል ከተገለበጠ ተመልሶ ይበከላል። የሚፈላ ሰው በፈላበት ዕቃ ከድኖ ያብርደው። ገንዘብ ባነሰ ጊዜ ደግሞ ፀሐይ አለች። የጠራ ውኃ በአንድ ወይም በሁለት ሊትር የላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ፀሐይ ላይ ስድስት ሰዓት፣ ሰማዩ ደመና ከሆነም ሁለት ቀን ማጋደም ነው። ይህን በመጀመሪያ የመረመሩት የቤይሩት ሊቃውንት ናቸው፤ ፀሐይ ለማይጠፋበት ለኤረርና ለሽንሌ አገር የተላከ ስጦታ ይመስላል።

አሁን ሰዎች ስለሚያነሡት ምክንያት ልናገር፤ ዋናውም ሽታው ነው። «መድኃኒት መድኃኒት ይላል» ብለው ይተዉታል። በወዳጄ ጎረቤት ሠፈሩ ሁሉ «ኤዶ» እያለ በክብር የሚጠራቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ በሶማሊኛ አክስት እንደ ማለት ነው። ያች ነርስ ወዳጄን ልትጠይቅ በመጣች ጊዜ ኤዶም አብረው ነበሩና «ይህ ውኃችሁ ይሸታል፤ እኔ አልጠጣውም» አሉ። ነርሷም «ኤዶ፣ ዲልዎን በምን ያጥኑታል?» አለቻቸው። ዲል ማለት ወተት የሚያዝበት ዕቃ ነው። «በእንጨት ጭስ ነዋ» አሉ። «ለምን?» «ወተቱ እንዳይበላሽ፤ ደግሞም ይጣፍጣል!» «ታዲያ ጭስ ጭስ የማይል ወተት ሲሰጡዎ ምን ይላሉ?» «የሰነፍ ቤት ወተት እላለኋ!» አሉና ሳቁ። ነርሷ ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ይህ የሶማሊው ብቻ አይደለም፤ በደጋውም ቅሉና ግሬራው በወይራ ይታጠናል፤ ያልታጠነ ዕቃ ያላት ሴት ትታማለች። የጭሱ ሽታ የባልትና ምልክት ነው ብለን ተቀብለነዋል። እንግዲህ የክሎሪኑን ሽታ ለምን በዚሁ ዓይን አናየውም? እርግጥ ነው፣ መጠኑ ሲያልፍ ይከብዳል፤ ለዚህም ነው ልኩን ጠብቁ የምለው።

ሁለተኛው ምክንያት ዋጋው ነው። ደመወዛችን ጠባብ መሆኑን አላጣሁትም። ነገር ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ለጫት ከሚወጣው ገንዘብ ጋር ቢመዛዘን የመድኃኒቱ ዋጋ የሚያሳፍር አይመስለኝም፤ ይህንንም የምናገረው በሩጫ ነው፤ ከእኔም መሥሪያ ቤት የሚታዘቡኝ ይኖራሉና። በእውነት ለደሀው ቤት ግን ትንሹም ዋጋ ትልቅ መሰናክል ነው። በ2019 (እ.ኤ.አ.) በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት አንዱ ማይክል ክሬመርና ባልደረቦቻቸው በኬንያ ገጠር ሲመረምሩ፣ ክሎሪን በገበያ ሲሸጥ የሚጠቀምበት ቤት ከአሥር አንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኙት። ውኃ በሚቀዳበት ቦታ፣ ሁሉም እያየ፣ በነፃ በተቀመጠ ጊዜ ግን ተጠቃሚው ከግማሽ በላይ ወጣ። እኚሁ ሰዎች በልዩ ልዩ አገር የተደረጉትን ጥናቶች አጠራቅመው ሲመዝኑ፣ ውኃን ማከም ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት ሞት በአንድ አራተኛ ገደማ እንደሚቀንስ ገምተዋል። ከእናንተ መካከል የበጀት ወረቀት የሚፈርም፣ የቦኖ ውኃ አሠራር የሚያዝ፣ የወረዳ ዕቅድ የሚያወጣ ካለ፣ ይህ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ቢቀመጥ መልካም ነው።

ሊቃውንቱ በዚህ ነገር ሁሉ አንድ ቃል እንዳይመስሏችሁ። ሰው የትኛው ውኃ እንደ ታከመ ሳይነገረው በተደረገ ምርመራ ጥቅሙ ብዙም ያልታየበት ጊዜ አለ። ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱን እኔ አምነዋለሁ፤ ሰው የሚያክመው አንድ ቀን አክሞ አንድ ቀን እየተወ ነው። አምስት ቀን የታከመ ውኃ ጠጥቶ በስድስተኛው ቀን «ዛሬ መድኃኒቱ አልቋል» ተብሎ ጥሬ ውኃ የተሰጠው ሕፃን በዚያው በስድስተኛው ቀን ይታመማል። የኪኒን ሱስ እንደ ያዘው ሰው ሳያቋርጡ ማድረግ ነው ያለበት፤ አለበለዚያ ልፋቱ ሁሉ ለወሬ ይሆናል።

ደግሞም ውኃ ብቻ ታክሞ ተቅማጥ ጨርሶ ይጠፋል አልላችሁም። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል የሕፃናት ጠላት ክሎሪንን ይቋቋማል፤ እርሱን የሚገድለው ማፍላት ነው። ሮታ የተባለው ቫይረስ በእጅና በዕቃም ስለሚተላለፍ ዋናው መከላከያው ክትባቱ ነው፤ በአገራችን መሰጠት የጀመረው በ2006 ዓ.ም. ነው፤ የሕፃናቱን የክትባት ካርድ ተመልከቱ። እጅን ከመፀዳጃ በኋላና ልጅን ከማብላት በፊት በሳሙና፣ ሳሙና ቢጠፋ በአመድ መታጠብ አለ። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው የታከመም ቢሆን ውኃ አለመስጠት ነው። የእናት ጡት አብዛኛው ውኃ ስለ ሆነ በቆላም ቢሆን ጥሙን ይቆርጥለታል። በደጋው ቅቤ ማዋጥ፣ በቆላውም ስኳር ውኃና የግመል ወተት ማቅመስ የሚባለው ልማድ ከፍቅር የመጣ መሆኑን አውቃለሁ፤ የበሽታውን በር የሚከፍተው ግን እርሱ ነው።

ልጁ አንዴ ከታመመ በኋላ የሚደረገውንም ሳልነግራችሁ አልለያችሁም፤ ወዳጄ ሁለት ቀን ያጠፋው ይህን ባለማወቁ ነውና። ብዙ ቤት «ሆዱ ይረፍ» ተብሎ ውኃም ምግብም ይከለከላል። ሕፃኑን የሚገድለው ግን ውኃና ጨው ከሰውነቱ ማለቁ ነው። በ1971 (እ.ኤ.አ.) በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባሉ ሐኪም በሕንድ ድንበር በቦንጋዎን ከስደተኞች መካከል ሆነው የኮሌራ በሽተኞች ሲበዙባቸውና በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅባቸው፣ ስኳርና ጨው በውኃ በጥብጠው ቤተ ዘመድ እንዲያጠጣ አደረጉ፤ ከመቶ 30 ገደማ የነበረው ሞት ከ4 በታች ወረደ። ዛሬ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ተብሎ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ጥቅል ልጁ ይህ ነው። ጥቅሉ ከሌለ በአንድ ሊትር የታከመ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ልክ ጨው በጥብጦ፣ በማንኪያ ጥቂት በጥቂት ማጠጣት ነው፤ ቢያስመልሰው አሥር ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መቀጠል ነው። ጡት አይቋረጥ፤ ምግብም አይከልከል። ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ሕፃን ዚንክ የሚባለው ክኒን በቀን 20 ሚሊግራም ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ይሰጣል፤ ከዚያ በታች ላለው ግማሹ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከደከመና መጠጣት ካቃተው፣ ወይም በተቅማጡ ደም ከታየ ግን በቤት የሚጠበቅ ነገር የለም፤ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ነው።

ባለፈው ጊዜ በሥራ ምክንያት ጅግጅጋ ሄጄ በወዳጄ ቤት አደርሁ። አፈ ሰፊው በርሜል የልብስ ማጠቢያ ውኃ መያዣ ሆኗል፤ ሮቶውም ክዳን አግኝቷል። ማታ ከመሥሪያ ቤት ተመልሶ ኮቱን ካወለቀ በኋላ ወደ ማድ ቤት ሲገባ ተከተልሁት። ሠራተኛዋንም ባለቤቱንም አላዘዘም፤ ራሱ ሁለት ጀሪካን ሞልቶ፣ እንክብሉን ጨምሮ፣ ነቅንቆ፣ ሰዓቱን አየ። በአንደኛው ጀሪካን አንገት ላይ ቀይ ክር ታስሯል። «ይህ ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ ባለ ክሩ ዛሬ የታከመው፣ ክር የሌለው ነገ የሚጠጣው መሆኑን፣ ክሩም በየማታው ከአንዱ ወደ አንዱ እንደሚዛወር ነገረኝ። ጥቂት ቆይቶ የግቢው በር ተንኳኳ። ኤዶ ነበሩ፤ አንዲት ትንሽ ቢጫ ጀሪካን በእጃቸው ይዘው እንክብል ሊለምኑ መጥተው ነበር።